ለየረር የታሰበ ቦርሳ

እድላዊት ክብሪቱን በፌስታል ጠቅልላ አፉን በላስቲክ አጥብቃ አሰረችው። ዝናብ ቢመጣ መርጠብ የለበትም። አልጋው ላይ በተከፈተው የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ባትሪ፣ ፋሻ፣ ሲባጎና ከባለሱቁ ለምና ያገኘችው ሰፊ ላስቲክ ገብተዋል። በስኳር የጨበጠችውን በሶ ከላይ አደረገችው።

«ፊሽካስ?» አለች ጓደኛዋ ፈርዶሳ፣ በሩን ተደግፋ።

«አንገቴ ላይ።»

የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ቅዳሜ የረር ተራራን ሊወጣ ነው። መምህር ጃለታ፣ «ጭጋግ መንገድ ሊያስታችሁ ይችላል፤ እስክትገኙ የሚያቆያችሁን ነገር እያንዳንዳችሁ ያዙ» ብለዋቸዋል።

እድላዊት አቃቂ በሰቃ ሆና የረርን እያየች ነው ያደገችው፤ ከታላቅ ወንድሟ ከተስፋሚካኤል ጋር። ዝናብ አባርቶ ተራራው ጥርት ሲል፣ «አንቺን ጫፉ ላይ ሳላወጣሽ ከዚህ ሠፈር ንቅንቅ አልልም» ይላት ነበር። አምና ግን ለማንም ሳይነግር ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ሄደ። አፋር ውስጥ ካለችው ሎግያ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እድላዊት ግን ጫፉ ላይ ብትቆም፣ እንዴት እንደሆነ ባታውቅም፣ ወደ እሱ የምትቀርብ ይመስላታል።

«ለእናትሽ ነገርሻት?»

«እሷ እንኳን ተራራ፣ ሱቅ ልካኝም በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ።»

«ቲቶሪያል አለኝ በያታ። ምን ታካብጃለሽ?»

ለእድላዊት ውሸቱ ቀላል መሰላት።

ፈርዶሳ ስትሄድ፣ እድላዊት ውሃ ልትቀዳ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣች። ስትመለስ እናቷ ወርቅነሽ ከቂሊንጦ ፋብሪካ ገብታለች። የሥራ ጋዋኗን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሶውን ይዛለች።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አለች ወርቅነሽ።

«የት?»

«ወንድምሽ የሄደበት ነዋ።»

እድላዊት ባልዲውን አስቀመጠች። «የኔ አይደለም፣ የፈርዶሳ ቦርሳ ነው» ልትል አፏን ከፍታ የእናቷን ጣቶች አየች። የበሶውን ፌስታል እያሻሹ ነበር።

«እሱ ሲወጣ ምን እንደያዘ እንኳ አላውቅም» አለች እናቷ። «ውሃ ይያዝ፣ አይያዝ። ማሽኑ ላይ ቆሜ እሱን ነው የማስበው።»

እድላዊት አጠገቧ ተቀመጠች። ዕቃዎቹን ከቦርሳው እያወጣች የእያንዳንዱን ጥቅም ነገረቻት። ሰፊውን ላስቲክም ዘርግታ እንዴት እንደሚጠለሉበት አሳየቻት። ወርቅነሽ ፋሻውን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«እና የት ነው?»

«የረር። ከትምህርት ቤት ጋር። ቅዳሜ ሄደን ቅዳሜ እንመለሳለን።»

«እምቢ ብልስ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ግቢው ውስጥ ቆማ ስትቀር ታያት።

«እቀራለሁ» አለች። «ሳልነግርሽ ግን የትም አልሄድም።»

ወርቅነሽ ስልኳን ከጋዋኗ ኪስ አወጣችና ለልጇ አቀበለቻት።

«የመምህራችሁን ቁጥር መዝግቢልኝ።»

እድላዊት መጻፍ ስትጀምር እናቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ቀስ ብለሽ» አለቻት። «እንዳትሳሳቺ።»