ትናንት የታሰረ ወንበር

«ያን የልጅ ወንበር መኪናው ላይ ማን ነው ያሰረው?»

እናቷ ይህን ስትጠይቅ ቀና እንኳን አላለችም። በአንድ እጇ የአለቃን አገጭ ይዛለች፤ በሌላው ከንፈሩ ላይ ፋሻ ትጫናለች። ስንቱን የሰው ልጅ ስትሰፋ የኖረች ነርስ፣ ዛሬ የገዛ ልጇ ስለሆነ መርፌውን ለባልደረባዋ ሰጥታለች። ሁለት ስፌት ያስፈልጋል ተብሏል።

አለቃ ሦስት ዓመቱ ነው። ቤቱን ሁሉ ስለሚያዝ ከአለቃ በቀር በሌላ ስም የሚጠራው የለም። «ውሃ»፣ «ጫማ»፣ «ተነሺ» ይላል፤ ይታዘዙለታል። አሁን ግን ማዘዙንም ማልቀሱንም ትቶ በዓይኑ ብቻ እህቱን ይፈልጋል።

እህቱ የክሊኒኩን በር መቃን ይዛ ቆማለች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የተበላሸ ነገር ፈታ የምትገጥም፣ መመሪያ ሳታነብ ምንም የማትነካ ልጅ ስለሆነች አባቷ «መሐንዲሷ» ይላታል፤ ስሙ ተለጥፎባት ቀርቷል። ከግማሽ ሰዓት በፊት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሷ ፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ አለቃ ከኋላ፣ በልጅ ወንበሩ። አንድ ብስክሌት ነጂ ከየት መጣ ሳይባል መንገዱን አቋረጠ። አባቷ ፍሬን ያዘ። ከኋላዋ አንድ ከባድ ነገር ሲደፋ ሰማች። ስትዞር የልጁ ወንበር ወደ ፊት አጎንብሷል፤ የአለቃ አፍ የሹፌሩ ወንበር ጀርባ ላይ ተለጥፏል።

አባቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ፊደል በፊደል የሚያነብ ይመስል ነበር። ዓይኑን ከዚያ ሳይነቅል መለሰ።

«ትናንት መሐንዲሷ ናት ያሰረችው።»

እናቷ ያን ጊዜ ቀና አለች። «አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ግን እኮ አጥብቄ ነው ያሰር…»

«አጥብቀሽ ቢሆንማ ልጁ ከነወንበሩ አይደፋም ነበር። ሁለተኛ ያን ወንበር እንዳትነኪው። ከዛሬ ጀምሮ አባትሽ ነው የሚያስረው።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

የአለቃን ጃኬት እንድታመጣ ተላከች። ቁልፉን ይዛ ወደ መኪናው ስትሄድ ራሷን ስትከስ ነበር። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ምኑን ነው የዘለልኩት? ያን ወንበር እናቷ ስታመጣው መመሪያውን ገጽ በገጽ ያነበበችው እሷ ናት። ሥዕሎቹን በጣቷ እየተከተለች ስድስት ጊዜ አስራዋለች፤ ስድስት ጊዜ ፈታዋለች። እሁድ ከሰዓት መኪናው ታጥቦ ሲያልቅ ያሰረችው ለሰባተኛ ጊዜ ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃዋ ዳግመኛ በሐሳቧ ሄደችበት። ቀበቶውን በወንበሩ ጀርባ ባለው፣ ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ ለሚቀመጥ ልጅ በተሠራው መንገድ አስገባች። ሳይጠማዘዝ አሳለፈችው። መቆለፊያው ቀጭ አለ። ከዚያ ቀበቶውን ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ጎትታ አወጣችው፤ የዚህ መኪና ቀበቶ ካልተሟጠጠ አይቆልፍም። መልሳ ስትለቀው ጥርስ እንዳለው ነገር ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ እያለ ገባ። ጉልበቷን ወንበሩ ላይ ተክላ በሙሉ ክብደቷ እየተጫነች የተረፈውን ሳበችው። በመጨረሻም የላይኛውን ማሰሪያ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ካለው ቀለበት ላይ ሰክታ አጠበቀች። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛ ወዘወዘችው። አንድ ጣት ያህል እንኳን አልሄደም።

የመኪናውን በር ከፈተች።

የላይኛው ማሰሪያ አልተሰካም። መንጠቆው ከወንበሩ ጀርባ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ቀበቶው ሁለት ቦታ ተጠማዝዟል። ሳብ ስታደርገው ያለ ምንም ጢቅታ፣ እንደ ልብስ ክር እየተተረተረ መጣ። አልተቆለፈም። ከወንበሩ ሥር ደግሞ የቤታቸው ያልሆነ ጥቁር የዝናብ ጥላ ተጋድሟል።

ሰው የራሱን እጅ ጽሑፍ ያውቃል። ይህ የሷ አልነበረም።

አባቷ የመድኃኒት ከረጢት ይዞ ሲመጣ ጥላውን አንስታ ጠበቀችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የደንበኛ መሆን አለበት። ረስቶት ነው። ጃኬቱን አገኘሽው?»

«ደንበኛው የት ተቀምጦ ነው ከዚህ ወንበር ሥር የረሳው?»

አባቷ መኪናውን ዞረ። የሚነዳው ለኪራይ ነው፤ በጥያቄ የሚያፋጥጥ ተሳፋሪ ለምዷል። በዝምታ ያልፋቸዋል። ይህችኛዋ ግን ወርዳ የምትሄድ አልነበረችም።

«አባዬ፣ ዛሬ ጠዋት ወንበሩን አውጥተኸዋል።»

«አራት ሆነው መጡ» አለ በመጨረሻ። «ለአንዲት ጉዞ ብዬ ነው። መልሼ አስሬዋለሁ እኮ።»

«መንጠቆውስ?»

«ከኋላ ሻንጣ ጭነውበት ነበር፣ ቀለበቱ አልታይ አለኝ። ደግሞ ቀበቶ እኮ ፍሬን ሲያዝ ራሱ ይይዛል። ሃያ ዓመት ነድቼ ቀበቶ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አንተን ይይዝሃል። ልቅ የታሰረ ወንበር ግን መጀመሪያ ይሄዳል፣ ከዚያ ነው የሚያዘው። አለቃም አብሮ ሄደ።»

እንዲህ ስትለው ፊቱ ላይ የሆነ ነገር እንደ ተነፈሰ ጎማ ዝቅ አለ። አንድ አፍታ ልቧ ራራለት። ይቅርታ ሊላት ነው ብላ ነበር።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለ። «እናትሽ ወንበሩን ለሥራ ብለህ እንዳታወጣው ብላ አስምላኛለች። አንቺን ብትቆጣሽ እስከ ራት ነው። እኔን ከተቆጣች ዓመት ሙሉ ታነሳዋለች። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል። ደግሞ ዋሽቼ እንኳን አልዋሸሁም። ትናንት አላሰርሽም?»

ክሊኒኩ ውስጥ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር አስታወሰች። ትናንት። መሐንዲሷ። ናት። ያሰረችው። አራት ቃል፤ አንዱም ውሸት አይደለም። ውሸቱ ከውሸት ቢሠራ ምንኛ ጥሩ ነበር፤ የበሰበሰውን እንጨት ጠቁሞ «ይኸው» ይባላል። ይህን ግን የሠራው ከእውነት ነው፣ ያውም ከሷ እውነት፤ እሁድ ፀሐይ ላይ ተንበርክካ፣ ጉልበቷ እስኪቀላ ከሠራችው ሥራ። አባቷ የሷን ጥሩ ሥራ አንስቶ የራሱን መጥፎ ሥራ አለበሰው።

ጃኬቱን ይዛ ሄደች። ወደ ቤት ሲመለሱ አለቃ እናቱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ እናትየውም አንድ ጊዜ እንኳን ወደ መሐንዲሷ ፊቷን አላዞረችም።

በማግስቱ አለቃ ለቁስሉ ብሎ ቤት ቀረ፤ እሷ በዕረፍት ሰዓት ነገሩን ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋን ክፍሉ ሁሉ «ራዲዮ» ይላታል። ቢሆንም ምስጢር ሲነገራት ድምፅዋን መቀነስ ትችላለች።

«ፋዘር ሸወደሽ ማለት ነው?»

«አልሸወደኝም። ሸጠኝ።»

«አቦ አታካብጂ። ሁለት ስፌት ነው፣ ይድናል። ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ባይነቅዝም ቀበቶው ላልቷል።»

ራዲዮ ሳቀች። «እሺ ሌላ ልስጥሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እያደር ነው ችግሩ። ልጁ እኮ የሚሳፈረው በየቀኑ ነው። እውነቱ ጠርቶ እስኪመጣ ድረስ እሱ በምን ታስሮ ይቆይ?»

ራዲዮ ተረት አለቀባት። እስክሪብቶዋን አፏ ውስጥ አስገብታ ነከሰችና «ግን» አለች፣ አሁን በእውነት ድምፅዋን ቀንሳ፤ «ፋዘርሽ እኮ ነው። ልታጋልጪው ነው?»

የመጀመሪያውን ጠመንጃ መፍቻ በእጇ ያስያዛት እሱ ነው። የቤቱን ሬዲዮ ፈታ መግጠም ሲያቅታት «የተረፈ ብሎን ካለ ሬዲዮው ቀጥኗል ማለት ነው» ብሎ ያሳቃት እሱ ነው። ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ሰውን ሁሉ ሲያሙ፣ መንገድ ላይ ለሚሄደው ሁሉ የቅጽል ስም ሲያወጡ የኖሩት እነሱ ሁለቱ ናቸው። እናቷ ብትቆጣት ያስከፋታል። እሱን ካጣችው ግን ማን ጋ ሄዳ ልትከፋ ነው? ይህን አውቆ ነው የተጫወተባት። የማይወድህ ሰው እንዲህ ሊያደርግህ አይችልም፤ መግቢያውን አያውቀውማ።

የዚያን ዕለት ማታ ራት ላይ ዓይኑን ጠበቀች። ሳህን ሲያነሱ ጠጋ ብላ «ንገራት» አለችው።

«ነገ» አላት። እንደ ዕቁብ ጸሐፊ በእርጋታ።

ነገ ረቡዕ ነበር። ጠዋት እናቷ ጋውኗን በክንዷ አንጠልጥላ፣ አለቃን አዝላ ወጣች። ከንፈሩ አብጦ ወደ አንድ ወገን ስላዘነበለ ትእዛዙ ሁሉ ተኮላትፎ ነው የሚወጣው። አባቷ መኪናውን አስነስቶ፣ በኋላ በር ግማሽ ሰውነቱን አስገብቶ ወንበሩን ያስራል። መሐንዲሷ ቦርሳዋን ተሸክማ ከኋላው ቆመች። ጆሮዋን አቀናች። መቆለፊያው ቀጭ አለ። ጢቅ የሚለውን ጠበቀች። አንድም አልመጣም።

አባቷ ወጣና የወንበሩን አናት ይዞ ነቀነቀው። «ይኸው፣ ንቅንቅ አይልም። ግቡ፣ ረፍዷል።»

እናቷ አለቃን ከጀርባዋ ልታወርድ ተዘጋጀች።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። «እማዬ፣ ልጁን ስጪኝና ወንበሩን አንድ ጊዜ ያዢው።»

«እንዳትነኪው ብዬሻለሁ።»

«አልነካም። አንቺ ንኪው። አናቱን አይደለም፤ አናቱ ያታልላል። ዝቅ በይ፣ ቀበቶው የሚያልፍበት ጋ። በአንድ እጅሽ ወደ ጎን ወዝውዢው።»

እናቷ አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ ልጇን አየች። ከዚያ አለቃን አቀበለቻትና ጎንበስ አለች። ወንበሩ ተንሸራተተ፤ ጣት አይደለም፣ መዳፍ ሙሉ። እናቷ እጇን ሳታነሳ ሁለተኛ ገፋችው። መልሶ ተንሸራተተ።

«ቸኩዬ ነው» አለ አባቷ። «አሁን አጠብቀዋለሁ።»

በአለቃ ራስ ላይ አሻግሮ ልጅቷን አያት። ቅንድቡን ትንሽ አነሳ፤ ሰው ሲያሙ ይጠቀሙበት የነበረ ምልክት ነው፣ «በመካከላችን ይቅር» ማለት ነው። ጠበቀችው። አለቃን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው እስክታዛውረው ድረስ እሱ ራሱ እንዲናገር ጠበቀችው። እሱም እሷን ጠበቀ።

«እሁድ እኔ አስሬው ነበር» አለች፣ ለእናቷ። «ሰኞ ጠዋት አባዬ ለተሳፋሪ ብሎ አወጣው። መልሶ ሲያስረው የላይኛውን መንጠቆ አልሰካም፣ ቀበቶውንም አልቆለፈም። እኔም ስገባ ሳልወዘውዘው ነው የተቀመጥኩት። የእኔ ጥፋት እሱ ብቻ ነው።»

እናቷ ቀና አለች። ባሏን ትክ ብላ አየችው። እሱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው ሰሌዳ አጣ።

ሞተሩ እየሠራ ነበር። እጁን በመስኮቱ አስገብቶ አጠፋው።

«ፍቺውና እንደገና እሰሪው» አለች እናቷ ለልጇ።

አለቃን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። «እዚሁ» አለችው፤ «እዚሁ» ብሎ ትእዛዙን መለሰላት። ቦርሳዋን አወረደች። ቀበቶውን ፈታ ጠማማውን አቃናች፣ በመንገዱ አሳለፈችው፣ ቆለፈች፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ድረስ ጎትታ አወጣችው። ስትለቀው ጢቅታው ተከታትሎ መጣ። ጉልበቷን ወንበሩ ላይ ተከለች። የተረፈውን ቀበቶ የሚስብላት ሌላ ሰው ቢኖር ይቀላታል፤ ያለፈው እሁድ ብቻዋን ብታስረውም፣ ከዚያ በፊት የሚስብላት አባቷ ነበር።

በሌላኛው በር በኩል መጥቶ ጎንበስ አለ። እጁን ዘረጋ፣ ግን ቀበቶውን አልነካም።

«ልሳብልሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

ጉልበቷን ሳታነሳ አየችው። ፊቱ ቅርብ ነበር።

«አይ» አለችው። «ዛሬ እማዬ ትሳብልኝ።»