አራት ጣት የጎደለው ጎማ

«በይ አዙሪው!» አለ ኤቢሳ ከተከፈተው ኮፈን ስር።

ዳርቱ ቁልፉን አዞረች። ከኋላ፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ከሰርባቶዮው ውስጥ፣ አዲሱ የቤንዚን ፓምፕ እምም አለ። ከዚያ ሞተሩ አንዴ እንኳ ሳያንገራግር ተነሣ። ቀይዋ ባለ ሁለት በር መኪና ካራ ያለውን ግቢያቸውን በድምፅ ሞላችው፤ ዶሮዎቹ ሁሉ ወደ አጥሩ ሸሹ።

«ነፍስ ናት! አቦ ስሚያት! ስሚያት በናትሽ!» ኤቢሳ በቅባት የጠቆሩ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ዘለለ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ጋራዥ ተቀጥሮ የሚሠራ ጎልማሳ ነው ቢሉት ማን ያምናል? ዳርቱም ዘለለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ስለሆነ እሷስ ያምርባታል።

ወንድሟ ይህችን መኪና ከነብልሽቷ ገዝቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያባብላት ኖሯል። ቱርቦ አላት። ሌላው መኪና እንጦጦ ላይ አየሩ ሲሳሳበት ሲያለከልክ፣ እሷ በቱርቦዋ አየሩን እየገፋች ሞተሩ ውስጥ ትጨምራለች። ችግሯ ቤንዚኑ ነበር። አየሩ ሲበዛ አሮጌው ፓምፕ የሚልከው አይበቃትም፤ ይርባትና መሳል ትጀምራለች። ባለፈው ኅዳር ጽዮን ለታ ዳገቱ መሀል ቀጥ ብላ፣ አባታቸው አቶ በዳዳ በነጭ ጋቢያቸው ወርደው ገፍተዋታል። ምእመኑ ሁሉ እያየ!

አሁን ፓምፑም፣ ቤንዚኑን የሚረጩት ኢንጄክተሮቹም፣ ማጣሪያው ፊልትሮውም በትልልቅ ተቀይረዋል። አቶ በዳዳም ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከቤት ወጡ። ድሮ እዚሁ ካራ ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ ወፍጮ ቤት አላቸው።

«ገባኝ እኮ» አሉ የሞተሩን ድምፅ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እየሰሙ። «ወፍጮ አፍጥነህ እህል ካልጨመርክበት ድንጋይ ድንጋይን ይበላል። እናንተ እህሉን ነው የጨመራችሁት።»

«በትክክል አባ! እርስዎ መካኒክ መሆን ነበረብዎት!» አለች ዳርቱ።

«አንዷ ትበቃናለች» ብለው የደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ።

ኪሳቸው ውስጥ ያለው የክረምት የአውቶ መካኒክ ሥልጠና ማመልከቻ ነው። ወላጅ ካልፈረመበት አይቀበሉትም፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ነገ ሰኞ ነው። አቶ በዳዳ ልጃቸው ፋርማሲስት እንድትሆንላቸው ነበር ምኞታቸው። ሲጨቀጨቁ ከርመው በመጨረሻ፣ «ይቺ መኪና ሳትስል እንጦጦ ማርያም ካደረሰችኝ እፈርማለሁ» አሉ። ቃላቸው ደግሞ ቃል ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ኤቢሳ ኮፈኑን ሊዘጋ ሲል የዳርቱ ዓይን ከፊልትሮው ወደ ኢንጄክተሮቹ በሚሄደው ጥቁር ጎማ ላይ አረፈ።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ነው። ኤቢሳ ከመኪናዋ ስር ተኝቶ ፓምፑን ሲያስር፣ በስንት ፍለጋ የተገኘውን ከፍተኛ ግፊት የሚችል ጎማ ሰጥቷት፣ «ሁለት ስንዝር ቁረጪና ግጠሚው» አላት። ስንዝራ ቆረጠች። ስትገጥመው አራት ጣት ያህል አጠረ። ትርፉ ቁራጭ ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነው። መካኒክ ልሁን የምትል ልጅ ጎማ መቁረጥ አቃታት ሲባል ታያት። ግቢው ጥግ ከወዳደቀው ዕቃ መሀል ተራ የቤንዚን ጎማ አንሥታ ለክታ ገጠመችው፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ከላይ ሲያዩአቸው አይለዩም። ኤቢሳ «ጠበቀ?» ሲላት «ጠብቋል» አለች። ማሰሪያው በእርግጥ ጠብቆ ነበር።

ተራ ጎማ ቤንዚኑ ዝም ብሎ ለሚፈስባቸው አሮጌ መኪኖች ይበቃል። በዚህኛው ውስጥ ግን ቤንዚኑ በኃይል እየተገፋ ነው የሚሄደው፤ ቱርቦው ሲበረታ ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። ቱርቦው ራሱ ዳገት ላይ እንደ ፍም ይግላል። ይህን ሁሉ ዳርቱ አሳምራ ታውቃለች።

ሃያ ደቂቃ ዳገት ብቻ ነው፣ ይችላል፣ አለች ለራሷ።

በኮተቤ፣ በመገናኛ አድርገው ሲወርዱ መኪናዋ እንደ ቅቤ ሄደች። ኤቢሳ እየዘፈነ ይነዳል፤ አቶ በዳዳ ከጎኑ ሆነው በጉልበታቸው ላይ ያጨበጭባሉ። ታክሲ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች በመስኮት ብቅ ብለው «ፍጥነት!» ሲሉ ኤቢሳ ነዳጅ ረገጠ፤ ቱርቦው ፉጨቱን ለቀቀው፤ ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። ዳርቱ ኋላ ሆና እንደዚህ ደስ ብሏት አያውቅም። እንደዚህም ፈርታ አታውቅም።

ሽሮ ሜዳን አልፈው ዳገቱ ስር ሲደርሱ ኤቢሳ ዳር ይዞ ቆመ። ባሕር ዛፉ መሀል ቀጥ ብሎ የሚወጣው መንገድ ከፊታቸው ነው።

«አባ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ። አሁን ነው ጉዱ!»

አቶ በዳዳ ቀበቶውን አስረው ወደ ኋላ ዞሩና ልጃቸውን በዓይናቸው ጠቀሷት። ያ ጥቅሻ ነው የጨረሳት። አባቷ ልክ ከዚያ ጎማ ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት።

«ኤቢሳ» አለች። «ሞተሩን አጥፋው።»

«ምን?»

«አጥፋው አልኩህ! ጎማው የሰጠኸኝ ጎማ አይደለም።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፣ ቆርጣ ያሳጠረችውን ጎማ ከጃኬት ኪሷ አውጥታ እስኪያዩት ድረስ። ለሦስት ቀን ይዛው ነበር የዞረችው። ኤቢሳ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ተራው ጎማ ጫፉ ላይ አብጧል፤ ሶፍት ሲያስነካው ሶፍቱ ቤንዚን ጠጣ።

«አባን ከፊት አስቀምጠን ... እሳት ላይ ...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሲጮህባት ይሻላት ነበር።

«አውቃለሁ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ኤቢሳ አጭሩን ጎማ አገላበጠ። «ሁለት ስንዝር ብዬሽ አልነበር እንዴ?»

«ሁለት ስንዝር ነው!»

«በማን ስንዝር?»

አቶ በዳዳ የልጆቻቸውን እጅ በየተራ ያዙና መዳፍ ለመዳፍ ገጠሟቸው። የኤቢሳ ጣቶች ከእህቱ ሁለት ጣት ያህል አልፈው ሄዱ። ሽማግሌው ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት! እኔ እህል የምሸጠው እንዲህ ቢሆን ኖሮ ድሮ ገደል ገብቼ ነበር!»

ኤቢሳ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ ፊልትሮውን ትኩር ብሎ አየ። «መያዣው እኮ ሌላ የቡሎን ቀዳዳ አለው። ፊልትሮውን ወደዚህ ስንስበው ጎማው ይደርሳል። ዳርቱ፣ ለዚህ ነው ሦስት ቀን የደበቅሽኝ?»

ዳርቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ መፍቻ ልታመጣ ሄደች።

ሞተሩ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ጠበቁ። ፊልትሮውን ኤቢሳ አስጠጋው፤ ጎማውን ዳርቱ ገጠመች። «አሁን አንተ ደግመህ እየው» አለችው። አየው። ሶፍት ጠምጥመውበት ሞተሩን አስነሡ፤ ኤቢሳ ነዳጁን እየረገጠ አስጮኸው። ዳርቱ ሶፍቱን ፈትታ በፀሐይ አየችው። ደረቅ ነው! ሁለተኛ ጠምጥማም ሞከረችው። ደረቅ! ሁለቱ በደስታ ተቃቀፉ።

አቶ በዳዳ ፎርሙን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብዕር አምጪ። ያየሁት ይበቃኛል።»

ብዕሩ ዳርቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ስትወጣ ነው የያዘችው። ዳገቱን ቀና ብላ አየችው።

«አባ፣ ሳትስል ካደረሰችኝ ነበር ያሉት» አለች። «ገና አልደረስንም።»

ፎርሙን አጣጥፋ ወደ ኪሳቸው መለሰችው፣ ከኋላ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፤ ደረቁን ሶፍት በመዳፏ ጨብጣ ወንድሟን፣ «ንዳት» አለችው።