ለጋሽ ሻንካ ማን መለሰላቸው?

ተረትን የገደለው ስልክ ነው ይላሉ። ስልክ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ትምህርት ቤት እጃችንን አጣጥፈን፣ አፋችንን ዘግተን እንድናዳምጥ አሠለጠነን፣ እኛም ሠለጠንን፣ ተራኪው ብቻውን ቀረ። ይህን የምልህ እኔ፣ ስለ መንፈስ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ጠረጴዛ የምቀይር ነኝ፣ የሚከተለውንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ጠረጴዛ በቀየርኩ ነበር፣ ግን እመነኝ፣ እዚያው ነበርኩ።

ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ያለ አንድ የዕድር አዳራሽ ነው፣ ሰዓቱ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን የምታንጣጣበት፣ ለመናፍስት ፈጽሞ የማይመች ሰዓት። የሥራ ባልደረባዬ አስቴር አባቷን ጋሽ ሻንካን ከጨንቻ አውርዳ፣ ተማሪና የሰፈር ሰው ሰብስባ፣ ተረት ልታስወራቸው ነበር። ጋሽ ሻንካ ግን ብቻቸውን አያወሩም፣ በየመሀሉ "ኤ!" እያለ የሚቀበላቸው መላሽ ይፈልጋሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን መላሻቸው ወንድማቸው ኦይቻ ነበሩ፣ ኦይቻ ካረፉ ወዲህ ደግሞ አንድ ተረት እንኳ አልጨረሱም።

"ዛሬም የሚመልስልኝ ካጣሁ በቃኝ" አሉ፣ በዚያ ሙቀት ቡልኳቸውን እንደ ደረቡ። "ከግድግዳ ጋር ለማውራት እዚህ ድረስ ምን አስወረደኝ? ቤቴም ግድግዳ አለ።"

"አባባ፣ ሰዉ ይመልሳል" አለች አስቴር፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ "ተረቶቹን ብጽፋቸውም ወረቀት ላይ ሞተው ይተኛሉ። ዛሬ ካቃታቸው ተረቶቹ አብረዋቸው መቀበራቸው ነው" አለችኝ።

"እኔን አትይኝ፣ ጋሞኛ አልችልም።"

"አሥራ አንድ ዓመት አርባ ምንጭ ኖረህ!"

"ሰላምታ እችላለሁ።"

"እሱንም እያበላሸህ ነው።"

የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ተቀመጥን፣ ጋሽ ሻንካ ጀመሩ፣ አስቴር በሹክሹክታ ትተረጉምልኛለች። ሰዎች ሲጣሉበት ጊዜ መንደሩን ትቶ ስለ ሸሸ ምንጭ ነው፣ አንዲት ልጅም ልትመልሰው ቁልቁል እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ ስለ ተከተለችው። አዳራሹ እንደ ፈተና ክፍል ጸጥ አለ፣ ሁሉም ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፣ ከጫኖ የመጡ ሴቶች እንኳ ማንጎ መላጣቸውን አቆሙ፣ የሚመልስ የለም። የሽማግሌው ድምፅ እየሳሳ ሄደ። አስቴር ጥፍሯን መንከስ ጀመረች።

ያን ጊዜ ከጆሮዬ ሥር፣ ዝቅ ብሎ፣ "ኤ!" አለ።

የድምፅ ማጉያው ነው ብዬ ነበር፣ ለካ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ደግሞ "ኤ!"፣ አሁን ወፈር ብሎ፣ ተከትሎም ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ። ዞር አልኩ፣ ግድግዳ። ጋሽ ሻንካ ቀና አሉ፣ ድምፃቸው ሞላ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ተማሪ ስልኳን አውርዳ "ኤ!" አለች፣ ጓደኞቿ ሳቁባት፣ ቀጥለው ራሳቸውም "ኤ!" አሉ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አዳራሹ በሙሉ ይመልስ ጀመር፣ ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ።

ልጅቷ አባያ ዳር ደረሰች፣ ከዚያ ሁሉ ውሃ የመንደሯ የቱ እንደሆነ ጠፋት። እዚህ ላይ ጋሽ ሻንካ ቆሙ። የተረት ዝምታ አልነበረም፣ የመርሳት ዝምታ ነበር፣ አስቴር "ጠፋባቸው" ብላ እጅጌዬን ያዘች። ከኋላዬ ያ ድምፅ በጋሞኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ሽማግሌው በቀጥታ ወደ እኔ አዩ፣ ሳቁ፣ ተረቱንም እስከ ጫፉ አደረሱት፦ ውሃው ልጅቷን ዐውቆ፣ ተረከዟን ተከትሎ ሽቅብ ተመለሰ።

በጭብጨባው መሀል "ከኋላችን ማን ነበር?" አልኳት።

"ከኋላችን ግድግዳ ነው" አለች አስቴር፣ ዓይኗን እያበሰች። "አንተ አይደለህ እንዴ የመለስከው! 'ውሃው ያውቃት ነበር?' ብለህ ጠየቅህ። አጎቴ ኦይቻ ናቸው ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ እንደዚያ የሚጠይቁት። ወለሉንም ልክ እንደ ከዘራቸው ሁለት ሁለቴ በተረከዝህ ትመታ ነበር። ጋሞኛ አልችልም ብለህ ደግሞ!"

ቀልድ መስሎኝ ከፊታችን የተቀመጡትን ጠየቅኩ፣ እነሱም አንተ ነህ አሉኝ። ጋሽ ሻንካ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ደግ መለስክ" አሉኝ። "ድምፅህ ግን ትንሽ ቀጥኗል።"

አሥራ አንድ ዓመት ሳላውቀው ቋንቋው ጆሮዬ ገብቶ ይሆናል፣ አስቤበታለሁ፣ ጥሩ ማብራሪያ ነው። ያቺን ጥያቄ ግን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ አላውቅም፣ በማግስቱም ጉሮሮዬ ዘግቶ፣ ተረከዜ አብጦ ነው የነቃሁት።

አሁን ጋሽ ሻንካ በየወሩ ይወርዳሉ፣ ያቺ ተማሪና ጓደኞቿ ለመላሽነት ይሻማሉ፣ የአዳራሹ ጩኸት ገበያው ድረስ ይሰማል። እኔ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ነው የምቀመጠው፣ ከግድግዳው በጣም ርቄ። ልጅቷ አባያ ዳር ስትደርስ ግን ድምፁ አሁንም ከጆሮዬ ሥር ይመጣል።

ቅዳሜ ና። ከጎኔ ተቀመጥ፣ ልጅቷ ሐይቁ ዳር ስትደርስ ሽማግሌውን ተዋቸውና አፌን እይልኝ።