ያልሟሟው ስኳር

ሽማግሌው መጀመሪያ ዊስኪውን ቀዳ።

ጠጋኙ መፍቻውን ጨበጥ አደረገ። እዚህ ቤት «ፍሪጅ ጠጋኙ» ነው፤ ፍሪጁ ግን ተበላሽቶ አያውቅም። የሚመጣው አስተርጓሚው ሽማግሌ ከመሥሪያ ቤቱ በድብቅ የሚያወጣውን የምስጢር ሰነድ ፎቶ ፊልም በመሣሪያ ሣጥኑ ለመውሰድ ነው።

በመጣ ቁጥር መጠጥ አለ። ሽማግሌው ስኳሩን ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጣል፤ መራራውን ቅመምና ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ በማንኪያ ይደቁሰዋል። ዊስኪው የሚከተለው ስኳሩ ሲጠፋ ነው። «ዊስኪ ኩሩ ነው» ይላል ሁልጊዜ፤ «ስኳር ማሟሟት አይወድም።»

ዛሬ ስኳሩን ዊስኪው ላይ ጣለው።

ሰመጠ። አልሟሟም።

ጠጋኙ ቀና አለ። የሽማግሌው ዓይን ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄዶ ተመለሰ።

ሰው አለ።

«አባባ፣ ዛሬስ እጅዎ አረጀ መሰለኝ።»

«አንተ ደግሞ! በነፃ እየጠጣህ ታማርራለህ?»

ሽማግሌው እየሳቀ የብርቱካን ልጣጭ ብርጭቆው ላይ ጠመዘዘ። ከቅርጫቱም ሌላ ብርቱካን መርጦ ሰጠው። ሥሩ ተበስቶ በሰም ተደፍኗል።

«ይቺን ለእናትህ። ፍሪጁን ነገ ትጨርሰዋለህ።»

«አብረን ወጣ ብንልስ? ነፋስ ይቀበሉ።»

«ጉልበቴ እምቢ ብሏል፣ ልጄ። በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል።»

ሣጥኑን ፍሪጁ አጠገብ ተወው። የሚያደምጡት ሰዎች ይመለሳል ብለው ያስቡ።

በሩን ዘጋው።

ከመታጠፊያው ጋ መኪና ቆሟል። ውስጡ አለቃው ነው፤ የምስጢር ስሙ «አጎት»። ወደዚህ ሰፈር መጥቶ አያውቅም።

«ሣጥኑስ?» አለ አጎት። ሰላምታ እንኳ የለም።

የሣጥኑን ነገር ከሽማግሌውና ከራሱ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

የሸጣቸው እሱ ነው።

«ፊልሙ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ መሰለኝ፤ ፈርቼ ወጣሁ።»

የአጎት ፊት በራ። «ጎበዝ። እዚሁ ጠብቀኝ!»

አልጠበቀም። ፊልሙ ያለበትን ብርቱካን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በጓሮ መንገድ ሮጠ። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሚጠየቀው ቤት የቀረው ሽማግሌ እንደሆነ ያውቃል። እያወቀ ነው የዋሸው።

ከኋላው ተኩስ ተሰማ።

አንድ ብቻ።

ፊልሙ ድንበር ተሻገረ። አጎትም ተጋለጠ። ስለ ሽማግሌው ማንም አልጠየቀም።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የምር ፍሪጅ ይጠግናል። ጎረቤቶቹ ዝምተኛ ነው ይሉታል። ከሥራ ሲመለስ ብርጭቆ ያወጣል። ዊስኪውን መጀመሪያ ይቀዳል። ስኳሩን ይጥልበትና ቁጭ ብሎ ያየዋል።

አይሟሟም።

ተነሥቶ በሩን ይነካል። ተዘግቷል።

ብርዱ ግን ይገባል።