ከግድግዳው ወዲያ ያለው መብራት

ልብስ ሰፊው ሞቶ የተገኘው በግማሽ ቤቱ ውስጥ ነው። እሱና ሚስቱ ለመፋታት ተስማምተው በቤቱ ግን መስማማት አቅቷቸው ነበር። ሸጠው እንዳይካፈሉ ልጃቸው ሜዳ ላይ ትወድቃለች፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይገዛ አቅም የለም። ስለዚህ ሳሎኑን መሀል ለመሀል በብሎኬት አስከፈሉት።

ለምርመራ የመጣችውን ሴት ባልደረቦቿ «ችኮሌ» ይሏታል፤ ወንበር ላይ አርፋ አትቀመጥም። የሚቸኩለው ግን እግሯ እንጂ ሐሳቧ አይደለም።

መጀመሪያ ያናገረችው አስከሬኑን አገኘሁ ያለውን የሟቹን ታናሽ ወንድም ነው።

«ትናንት ከመሸ መጣሁ» አለ። «በቁልፌ ገብቼ መብራት ሳበራ ጋሼ ስፌት መኪናው ሥር ወድቋል፤ ብርጭቆው እንኳ ከእጁ አልራቀም። ሮጬ ፖሊስ ጠራሁ። ምን ያስመረምራል? ፍቺው ሳይጸድቅ ሲሞት ቤቱ የሚቀረው ለእሷ ነው።»

ነገሩ ያስኬዳል። ሟቹ ጭንቅላቱን የተመታው በስፌት መኪናው ብረት ነው፤ በሩ አልተሰበረም፤ ሚስትየውም ቁልፍ አላት። ችኮሌ ክፍሉን ደጋግማ ዞረችው። አዲሱንም አሮጌውንም ግድግዳ በመዳፏ ዳበሰች። ሁሉም ልሙጥ ነው።

ሚስትየው ነርስ ናት። በራሷ ግማሽ ውስጥ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ልታስሩኝ ነው? ልጄን ማን ላይ ልጣላት?» አለች።

ችኮሌ የሰማችው ነገር ካለ ጠየቀቻት።

«ከሥራ የገባሁት ሲመሽ ነው። ሁልጊዜ ሲመሽ ግድግዳውን ያንኳኳ ነበር። ትናንት አላንኳኳም። አኩርፎ ነው ብዬ ተውኩት።»

ለምን እንደሚያንኳኳ ስትጠየቅ አፈረች፤ ከበሩ አጠገብ ያለውን ነገር በጣቷ አሳየቻት። ችኮሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች።

ከዚያ የፍቺውን ስምምነት የሚያዘጋጀውን ጠበቃ አስጠራች። ጠበቃው፣ ሟቹ ትናንት ጠዋት ቢሮው መጥቶ ስለ ቤቱ ሐሳቡን መቀየሩን እንደነገረው አስረዳት። ለሚስቱ ገና አልነገራትም፤ አስቀድሞ ወንድሙን ሊያናግር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ቤቱን አጨለመው። ችኮሌ ወንድሙን፣ ጠበቃውንና ሁለት ፖሊሶችን በሟቹ ክፍል ሰበሰበች። ነርሷ በራሷ በኩል እንድትቆይ አደረገች፤ ግድግዳው እንደሆን ድምፅ ያሳልፋል።

«ጨለመብን» አለችው ወንድሙን። «እስቲ እንደ ትናንቱ አብራልን።»

ተነስቶ ከበሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ዳበሰ። ወዲያ ዳበሰ፤ ወዲህ ዳበሰ።

«አትድከም። ቤቱ ሲከፈል ማብሪያው በእሷ በኩል ቀረ። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማን ይክፈል ሲባባሉ ሳይሠራ ከረመ። ሲመሽ እሱ ያንኳኳል፣ እሷ ታበራለታለች። ትናንት አላንኳኳም፤ ሞቷል። ስለዚህ አልበራም። ኋላ አንተ ከፖሊስ ጋር ስትመጣ ጫጫታ ሰምታ ያበራችው እሷ ናት። ግድግዳው ከተሠራ ወዲህ አንተ የምትመጣው በቀን ስለሆነ ይህን አታውቅም። ብርጭቆውን ያየኸው ሳይመሽ ነው፤ እሷ ሥራ ላይ ሳለች። በእሷ ለማላከክ ግን እሷ ቤት የገባችበትን ሰዓት መረጥክ።»

ችኮሌ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ከወዲያ ማዶ እንዲሰማ።

«ለጠበቃው እንደነገረው፣ ይህን ግማሽ ቤት ግባበት ብሎህ ነበር። ትናንት ግን ግድግዳው ይፈርሳል አለህ። ቤቱ ለልጄና ለእናቷ ይሁን፤ ለእኔ ከቁጠባችን ድርሻዬ ይበቃኛል፣ አንድ ክፍል እከራያለሁ አለህ።»

ወንድሙ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ።

«ገፈተርኩት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም። አከራዬ ውጣ ብሎኛል። የት ልግባ ነበር?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ችኮሌ ብቻዋን ቀርታ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳች። ከዚያ መብራቱ በራ።

«በራልህ?» አለች ነርሷ፣ ማታ ማታ እንደለመደችው። ወዲያው ለቅሶዋ ተሰማ።