ደም የረገጠ ምሰሶ

ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ ፊት የሚባል ግን አልተረፈለትም። አጠገቡ የወደቀው ከባድ መዶሻ ፀጉርና ደም ጠግቧል። ሰውየው የተዘጋውን የማዕድን ጉድጓድ ጠግነው ለጎብኚ ሊከፍቱ የተነሱት የበጎ ፈቃደኞች ሊቀመንበር ነበር። የአያቶቼን ላብ ትውልድ ይየው ብሎ የደከመበት ዋሻ ውስጥ እንደ እባብ ተቀጥቅጦ ቀረ።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ የእጅ ባትሪዋን ዝቅ አደረገች። ደሙ በተዳፋቱ ወርዶ አንድ አዲስ ምሰሶ ሥር ደርሷል። ሟቹ ደረት ላይ ከጣሪያው የረገፈ የድንጋይ ፍርፋሪ አለ፤ ከደሙ በላይ ተኝቷል እንጂ አንድ ጠብታ አልተረጨበትም።

«ይሄን ምሰሶ ማን ተከለው?»

«እንጃ፤ ጠዋት ስንጠርግ አልነበረም» አለ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ የሆነው አናጢ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ታስሯል። «እኔ እንደሚያዩኝ ነኝ። ምሰሶ ማቆም ቀርቶ ማንኪያ ማንሳት አቅቶኛል።»

«ሌላ የሚችል አለ?»

«ሦስታችንም እንችላለን፤ እኔ፣ አስጎብኚው ጋሼና ነርሷ። ነፍሱን ይማረውና ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ያስተማረን እሱን ነው። ጣሪያውን በብረት ማንኳኳት ነው። እንደ ባዶ በርሜል ከጮኸ ድንጋዩ ለቋል። ያኔ ምሰሶ ሳይቆም ንቅንቅ የለም።»

መርፌ በአናጢው መሪነት ፖሊሶቹን ሌላ ምሰሶ አስተክላ የመጀመሪያውን አስነሳች። ከሥሩ የተጨፈለቀ ደም ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

ውጭ ሕዝቡ ይጮኻል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያ ሁሉ ሰው ግን እስኪያድር የሚጠብቅበት አንጀት አልነበረውም። የሟቹን ታናሽ ወንድም እጁ በደም ተነክሮ አስከሬኑ ላይ ተደፍቶ አግኝተውት፣ በዱላና በድንጋይ የጎን አጥንቱን ሰባብረውታል። ይህ ወንድም አምና ትንሹ ልጁ እዚሁ ጉድጓድ ገብቶ ሞቶበታል። «ይሄን ጉድጓድ በፈንጂ ካላፈራረስኩት ሰው አይደለሁም!» ሲል ያልሰማ የለም። ፖሊሶቹ ነጥቀው የማዕድን ቆፋሪዎቹ የድሮ ፋኖስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ባያስገቡት ኖሮ እስካሁን አልቆለት ነበር። አሁንም በሩን የያዙት አራት ፖሊሶች ብቻ ናቸው።

«ወንድምህን ገድለሃል?» አለችው መርፌ ክፍሉ ውስጥ ገብታ።

አይኑን ከደነ።

«ካልገደልክ ተናገር! እነዚህ ሰዎች በሩን ከሰበሩ እኔም አላድንህም።»

«ሆድ ይፍጀው» አለ በተሰነጠቀ ከንፈሩ።

ንጹሕ ሰው ይጮኻል፤ ወንጀለኛ ይክዳል። ይሄ ሁለቱንም አላደረገም። መርፌን የከነከናት ይኸው ነው።

ጡረታ የወጡ መምህር የሆኑት አስጎብኚ ጥግ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሁለቴ ጠየቀቻቸው፤ ሁለቴም ዝም አሉ።

«ጮክ በይልኝ ልጄ! ይቺ ጆሮዬ ለጌጥ ነው የቀረችው።»

«ዛሬ ዋሻ ገብተው ነበር ወይ?» ብላ ጮኸች።

«ጠዋት ሁላችንም ገብተናል። ነገ ተማሪዎች ይመጣሉ ብለን ስንጠርግ! ምን ዓይነት ቀን ነው የጣለብን!»

ነርሷ የተደበደበውን ሰውዬ ቅንድብ ትሰፋለች። ሚስቱ ናት።

«ባልሽ ይሄን ቦታ አይወድም፤ አንቺ ግን ታገለግያለሽ» አለቻት መርፌ።

«ልጄን የበላ ጉድጓድ የሌላ እናት ልጅ እንዳይደግም ነው። አፉን ሁሉ በእጄ ነው የከደንኩት።»

መርፌ ሦስቱን በጎ ፈቃደኞች በቁስለኛው ዙሪያ ሰበሰበች። አንድ ድንጋይ የቆርቆሮውን ጣሪያ መታው፤ ሌላ ተከተለ።

«ምሰሶው ደም ላይ ነው የቆመው» ብላ ጀመረች፣ ለአስጎብኚው ስትል ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ስለዚህ ያቆመው ገዳዩ ነው። ይሄ ሰውዬ ዋሻው እንዲፈርስ የሚመኝ ነው፤ ምሰሶ አያቆምለትም። ገዳዩ ግን ነገ የሚመጡት ልጆች ላይ ድንጋይ እንዳይወርድ ተጨንቋል።»

«ከኛ ውስጥ ነው እያሉን ነው?» አለ አናጢው።

«አንተ በአንድ እጅህ ግንድ አታነሳም። ፍርፋሪው የወደቀው ከደሙ በኋላ ነው፤ ጣሪያው የለቀቀው ሟቹ ከሞተ በኋላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለገዳዩ የነገረው የለም፤ አንኳኩቶ ነው ያወቀው። ምሰሶው ደግሞ በላላው ድንጋይ ልክ መሃል ላይ ቆሟል። መሃሉን የሚያገኘው ጆሮ እንጂ ዓይን አይደለም። ጋሼ አይሰሙም።»

የሁሉም ዓይን ነርሷ ላይ አረፈ።

«እኔ ነኝ!» ቁስለኛው ደም እየተፋ ሊነሳ ታገለ። «እኔ ነኝ የገደልኩት! ስቀሉኝ!»

«ቀሚሷን በደም ተነክሮ አይተህ መሆን አለበት ምን ተፈጠረ ብለህ ሮጠህ የሄድከው። ከዚያ ያዙህ» አለች መርፌ።

«ሁለት ልጆች ቤት አሉ! እናት ያስፈልጋቸዋል! ምን አለበት እኔ ብሞት?»

«ተው፣ የልጆቼ አባት» አለች ነርሷ። የምትሰፋበት መርፌ ገና ቅንድቡ ላይ ነበር። «አይንህ ዝም በይ ሲለኝ እሺ ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ አድርገው ሲሰባብሩህ ግን እኔው የገደልኩህ ያህል ነው።»

«ለምን?» ሲል ጮኸ አናጢው።

«ዋሻው ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ሊቀመንበሩ ይቅር በይኝ አለኝ። አምና የጉድጓዱን ክዳን ያነሳው እሱ ነበር፤ ፎቶ ሊያነሳ። መልሶ መክደኑን ረስቶ ሄደ፤ ልጄ የገባው በዚያ ነው። ዓመት ሙሉ ሰው ባሌን ልጁን ያልጠበቀ ሲለው አጠገቡ ቆሞ ሰማ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ይቅር ልለው ነበር፤ እግዜር ያውቃል! ግን ‹ለወንድሜ እንዳትነግሪው› አለኝ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ከዚያ ጣሪያው ረገፈ፤ አንኳኳሁት። ነገ ልጆቹ ሲመጡ ታየኝ።»

አስጎብኚው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። መርፌ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ለሕዝቡ እውነቱን በአጭሩ ነገረችው። ጩኸቱ ቀነሰ፤ ድንጋይ የያዙት እጆች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ይቅርታ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ስትመለስ ቁስለኛው እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። «ልጆቹ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ንገራቸው። ለዚህ ያበቃን የተደበቀ እውነት ነው» አለችው ነርሷ፤ ወደ መርማሪዋም ዞረች። «ሁለት ስፌት ይቀረኛል።»

መርማሪዋ ካቴናውን ኪሷ ውስጥ መልሳ ክሩ እስኪቆረጥ ጠበቀች።