የብብቱ ስፌት

መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ደግሞ ሰበርሽው?» አለች እናቷ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ቀና ሳትል።

ልጅቷ ስፌት ማሽኑ ላይ የተዘረጋውን ሰማያዊ ቀሚስ በንቀት ታየው ነበር። ቀሚሱ የሬዲዮ ነው። ሬዲዮ የክፍሏ ልጅ ናት፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስ የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አልተሳሳቱም። «ለማንም እንዳትነግሪ» ተብላ የሰማችውን፣ የልጅቷ አባት ቤቱን ጥሎ መውጣቱን፣ በአንድ የዕረፍት ሰዓት ለክፍሉ በሙሉ አሰራጨችው። ነገ ደግሞ ይህንኑ ቀሚስ ለብሳ በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ስለ ጓደኝነት ግጥም ልታነብ ነው። ስለ ጓደኝነት! ያውም አንዷን ስንኝ እንኳ ራሷ አልጻፈቻትም።

ሐሜቱ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። የአባቷ መሄድም ብቻውን ቢሆን እያለቀሰች ትለምደው ይሆናል። ግን የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እናቷ «ለሥራ ሄዶ ነው» እያለች ትዋሻለች፤ ታናሽ ወንድሟ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይነዘንዛል፤ የሒሳብ ፈተናውን ወድቃ ለማንም አልተናገረችም። ሁሉም ተደራርበው ደረቷ ላይ ተቀምጠዋል።

አዲስ መርፌ ስታስገባ ሐሳቡ መጣላት። የብብቱ ስፌት ለጊዜው በእጅ፣ በቀጭን ክር፣ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ነው የተያያዘው። እንዲሁ ብትተወውስ? ሬዲዮ መድረክ ላይ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ላይ ስትሰቅል ተርተር ይላል። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አላት።

በሩ ተከፈተና ራሷ ሬዲዮ ገባች። «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ቀሚሴ ደረሰ?» ወደ ልጅቷ ዞር አለች። «አንቺ ደግሞ ምነው ጠፋሽ? ናፍቀሽኛል እኮ ውዴ!»

«ትንሽ ይቀረዋል» አለች ልጅቷ ሳታያት።

እናቷ መጥታ በማሽኑ ላይ ጎንበስ አለች። ዐይኗ ሥር አብጧል። «እዚህ ጋ አራት እጥፍ ጨርቅ ነው የሚገናኘው» አለች ብብቱን እየዳሰሰች። «አንድ አንዱማ መርፌውን ምንም አያደርገውም፤ ሲደራረብ ነው የሚሰብረው። ፔዳሉን አትርገጪ። መዘውሩን በእጅሽ ቀስ አድርገሽ አዙሪ።»

ልጅቷ ሬዲዮን አየቻት። መስታወቱ ፊት ቆማ፣ ስልኳን ደግና ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች። እንቅልፍ የነሳችኝ ይህቺ ናት? አለች በልቧ። ቀሚሱ ቢቀደድ «ማን ነው የሰፋው?» ነው የሚባለው፤ የሚሳቀው በእናቷ ነው። ለዚህች ብሎ!

መዘውሩን በእጇ እያዞረች እጥፉን ቀስ ብላ ተሻገረችው። ከዚያ ደግማ ሰፋችበት።

«እንኪ። አይቀደድም።»

«ነገ ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ ታጨበጭቢልኛለሽ አይደል?»

«አላጨበጭብልሽም። ጓደኛሽም አይደለሁም። ደህና ዋይ።»

ሬዲዮ ቀሚሷን ይዛ ወጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቷ መተኮሻውን አስቀምጣ።

ልጅቷ የማሽኑን መብራት አጠፋችና ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረች።

«አባዬ ለሥራ እንዳልሄደ አውቃለሁ» አለች። «መጀመሪያ ስለሱ እናውራ። የሒሳቡን በኋላ እነግርሻለሁ።»